ጎርፍ ያልነካቸው ገበሬዎች

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ሙቀቱ ዛሬም አልቀነሰም። የቢሮው ፋን እንደተበላሸ ነው። ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ፤ መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። እርሻቸውን ጎርፍ ወስዶባቸው ድጎማ የተከፈላቸው ስልሳ ሦስት ገበሬዎች ስማቸው በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ ይላል። ለኃላፊያችን ለሳላሀዲን አስገባሁለት። አነበበና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። የሰው ስም የግል ጉዳይ ነው አለኝ... የግል። ሰሌዳው ላይ ግን አርፍዳችኋል ተብሎ የእኛ ስም ከተለጠፈ ስንት ጊዜው። የእኛስ ስም የማን ነው?

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ፋዱሞ መጣች። ከመልካ ጀብዱ፣ ለአራተኛ ጊዜ። ጎርፉ የፓፓያ ማሳዋን ጠርጎ ድንጋይ ትቶላታል። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሜ አለ ወይስ የለም? ሳላሀዲን ጉዳይሽ በሂደት ላይ ነው ብሎ ሸኛት። እሱ ዘንድ ሁሉም ነገር በሂደት ላይ ነው፣ ከሻይ ሰዓት በቀር። እኔስ? በርቺ አልኳት። በርቺ ምን ማለት ነው?

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ሁለተኛው ዙር ክፍያ ደርሷል፤ ዝርዝሩን እንደገና ጻፊው ተባልኩ። የመጀመሪያውን የጻፈው ሌላ ሰው ስለነበር ስሞቹን ያየሁት ዛሬ ገና ነው። ጉድ ነው። በድሩ፣ የሞባይል ነጋዴው፣ ሁለት ሄክታር ቲማቲም አለው። የውበት ሳሎን ያላት ኢልሃን በቆሎ ታመርታለች... ጎርፉ ሳሎኗ ድረስ ገብቶ ይሆን? እየሳቅኩ ነበር የምጽፈው። ተራ ቁጥር አርባ አንድ ላይ ሳቄ ቆመ። ሀብተ ማርያም። ወንድሜ። ሦስት ሄክታር ሽንኩርት። በረንዳው ላይ ያለችውን አንዲት አበባ እንኳ ውሃ አጠጥቷት አያውቅም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ከዚራ ሰፈር፣ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ይክዳል ብዬ ነበር። አልካደም። ከሳላሀዲን ጋር እንደሚተዋወቁ፣ ሁሉም እንደሚበላ፣ እሱ ቢተወው ሌላው እንደሚወስደው አስረዳኝ... እንደ አስተማሪ ተረጋግቶ። ሌብነት ነው አልኩት።

"ለእንቁጣጣሽ የገዛሁልሽ ፍሪጅ ከየት የመጣ መሰለሽ፣ ሃኒ?"

 አንድ ወር ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ የጠጣሁት በፋዱሞ ገንዘብ ነው ማለት ነው። በሳላሀዲን ላይ ስስቅ የከረምኩት እኔ... አሁን በማን ልሳቅ?

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

አርባ አንድን ብቻ ሰርዤ የቀረውን ልለጥፍ አሰብኩ። ማሰቤ ራሱ አስጠላኝ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ለጠፍኩት። ሙሉውን። የደብዳቤውንም ቅጂ አጠገቡ። ሰው ተሰብስቦ በስልኩ ያነሳ ጀመር። ፋዱሞም መጥታ ነበር። አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ አንብቢልኝ አለችኝ። ከአንድ ጀመርኩ። አርባ አንድ ላይ ስደርስ ይሄ ወንድሜ ነው አልኳት። ቀጥዪ ብላ በአገጯ አመለከተችኝ። ስልሳ ሦስት ላይ ጨረስኩ። ስሟ የለም።

"አባዮ፣ እህቴ፣ እኔ እኮ እስከ ዛሬ ወረፋ ላይ ያለሁ መስሎኝ ነበር" አለች።

ከሰዓት በኋላ ሳላሀዲን በገዛ እጁ ቀደደው። ማን ፈቀደልሽ አለኝ። ደብዳቤው አልኩት።

ህዳር 1፣ ሰኞ

ወረቀቱ ቢቀደድም ፎቶው ድሬን አዳርሷል። ሁለተኛው ዙር ክፍያ ታገደ። እኔን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩኝ። ሳላሀዲን ወንበሩ ላይ ነው፤ እንዲያውም ስለ ግልጽነት ስልጠና ይሰጣል አሉ። ይስጥ። ፍሪጁን በጋሪ አስጭኜ ወንድሜ ደጅ አወረድኩት፤ ከዚያ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም።

አጣሪ ኮሚቴ መጥቷል። ድጎማ የወሰደ ሁሉ ነገ መልካ ጀብዱ ተገኝቶ መሬቱን ያሳይ ተብሏል። ዛሬ ሀብተ ማርያም ደወለ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ መስሎኝ... ሦስቱ ሄክታር የአባታችን ነበር ብለሽ መስክሪልኝ አለ። አባታችን ምድር ባቡር ሲሠራ አርጅቶ የሞተ ሰው ነው። ያለው መሬት መቃብሩ ነው።

"እሱን አሳያቸው" አልኩት።

ዘጋብኝ። ነገ መልካ ጀብዱ እሄዳለሁ። የምመሰክረው ግን ለፋዱሞ ነው።