ሳይገባኝ አሜን ያልኩበት ጁምዓ

እማዬ፣

ካንቺ ከተለየሁ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። አላህ በራሕመቱ ይቀበልሽ። ወደ ካርቱም ሰፈራችን፣ ወደ ሐጅ ዩሱፍ፣ ተመልሰናል። የቤታችንን በር ዘራፊዎች ነቅለው ስለወሰዱት ቆርቆሮ አስመትቼበታለሁ፤ ነፋስ በነካው ቁጥር ይጮሃል። የኒሙ ዛፍ አለ። ከራስ እስከ ክንድ የምትከናነቢው አረንጓዴ ጣርሃሽም አለ፣ ሽታሽ ግን እየለቀቀው ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ተናድጄ ነው። በራሴም ጭምር።

ፊደል የቆጠርሽበትን የዕድራችንን ክፍል ታስታውሺዋለሽ? ሳምንቱን ሙሉ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የሰው ቤት ስትጠርጊ ከርመሽ፣ በእረፍት ቀንሽ ከኔ እኩል ሀ ሁ ትይ ነበር። አሁን ያ ክፍል የዕድሩ ድንኳንና ድስት ማስቀመጫ ይሁን ተባለ። ዕቃው ከጦርነቱ በስንት መከራ የተረፈ ነው፣ ዝናቡም እየመጣ ነው፤ እሱስ እውነት ነው። ግን ጓሮ ያለው የቆርቆሮ ቤት ጣሪያው ቢጠገን ሁሉንም ይይዛል፤ ሄጄ በሜትር ለክቻለሁ። መማር የሚፈልጉትን ሴቶች ቤት ለቤት እየዞርኩ ጠይቄ፣ ሁሉንም በአንድ ገጽ ጻፍኩት። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ ይሄንኑ አይደል? ሰው መጀመሪያ ይወቅ፣ ከዚያ ይመካከር፣ ከዚያ ይወስን። ዲሞክራሲ እጅ ማውጣት ብቻ አይደለም እያልኩ ስንት የፈተና ወረቀት ሞልቻለሁ መሰለሽ!

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ተሰበሰብን። ሊቀመንበራችን ሼህ ሰዒድ ስለ ክፍሉ ሁለት ቃል ተናገሩና፣ እኔ ወረቀቴን ስዘረጋ፣ «ያላ፣ ሙቀቱ ሳይጨርሰን ዱዓ እናድርግ» ብለው መዳፋቸውን ከፈቱ። ሰው ሁሉ ከፈተ። «ክፍሉን ለዕቃችን በረካ ያድርግልን!» አሉ። አዳራሹ አሜን አለ። እኔም አልኩ፣ እማ። ወረቀቴ መዳፌ ላይ እንደተዘረጋ አሜን አልኩ። የነቃሁት ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ተከትያቸው ወጥቼ ብለምናቸው፣ «ልጄ፣ ዱዓ የተደረገበት ነገር አይመለስም። አንቺስ አሜን ብለሽ የለ?» አሉኝ። ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ታውቂያለሽ፤ ጀናዛሽ ላይ ያሰገዱት እሳቸው ናቸው። ይበልጥ የሚያበግነኝ ይሄ ነው። በክፉ ሰው መናደድ ይቀላል።

በሩ ላይ ጓደኛሽ ዘይነባ ክንዴን ያዘችኝ። «አንቺ፣ አሁን ምኑን ነው አሜን ያልነው?» አለች። ስነግራት ክንዴን ለቀቀችኝ። ዘንድሮ ለመማር ደብተር ገዝታ ነበር።

ያኔ ትዝ አልሽኝ። ድሮ የዕድሩ ስብሰባ ወደ ረቡዕ ይዛወር የተባለ ዕለት፣ ሁሉም ለዱዓ መዳፉን ሲከፍት ያንቺ እጅ ከጣርሃሽ ውስጥ አልወጣም። «ፋጡማ፣ እጅሽን ማን ሰረቀሽ?» አሉ ሼሁ፤ ሰው ሳቀ። «ሳይገባኝ አሜን ብዬ አላህን ላታልል?» አልሻቸው። እጃቸውን አወረዱ። የሰው ቤት የምትሠራ ሴት ረቡዕ ከየት አባቷ እንደምትመጣ ጠየቅሽ፤ ቀኑም ጁምዓ ሆኖ ቀረ። እኔ ግን ልጅ ነበርኩ፣ አፍሬብሽ ነበር።

ትናንት ለዘይነባና ለጓደኞቿ ኒሙ ጥላ ሥር ወረቀቱን አነበብኩላቸው። ገና ሳልጨርስ፣ «ጣሪያውን ማን ይጠግነዋል?» ብላ ዘይነባ ያዘችኝ። አልጻፍኩትም ነበር! ያ ሁሉ ትምህርት፣ እሱን አላሰብኩትም። እነሱ ተጨቃጭቀው መልስ አገኙለት፤ እኔ ጻፍኩት።

ዕቃው የሚገባው በመጪው ጁምዓ፣ ከዱዓ በኋላ ነው። ጣርሃሽን ለብሼ እሄዳለሁ። ሼሁ መዳፋቸውን ሲከፍቱ የኔ እጅ ከውስጡ አይወጣም። ይሳቁ። ማን ሰረቀሽ ካሉኝ፣ እናቴ ይዛኛለች እላቸዋለሁ።

እስከዚያ አሜን የምለው ላንቺ በሚደረግ ዱዓ ብቻ ነው። እሱ ይገባኛል።

ልጅሽ ሰሚራ