ፈረስ የሚቆጠርበት አገር

ኡላን ባቶር፣ ሐምሌ 1977

ወይንሸት እህቴ፣

የከብት ሕክምና ሥልጠናው ደህና ይዞኛል። ትናንት ከአስተርጓሚያችን ጋር ሜዳ ላይ ድንኳን የተከሉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድን። የፈረስ ወተት ቀዱልኝ፤ መጠጣቴን ለእናታችን እንዳትነግሪያት።

የሞንጎሊያ ሕዝብ ሁለት ሚሊዮን እንኳ አይሞላም፤ አዲስ አበባችን ላይ ትንሽ ቢጨመር ያህለዋል። ከብቱ ግን ከሰዉ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ሽማግሌው ስለ አገሬ ጠየቁኝ። «አርባ ሁለት ሚሊዮን ነን» ስላቸው ገረማቸውና እሳቸውም የፈረሶቻቸውን ብዛት ነገሩኝ። «ቤታችሁስ ስንት ናችሁ?» ሲሉኝ ጣቴን ማጠፍ ጀመርኩና ተውኩት። ለሕዝብ ቆጠራው ወሎ ሰፈር ቤታችን የመጣው ልጅ «ስንት ልጅ አለዎት?» ሲላት እናታችን «ሰው እንደ ከብት ይቆጠራል እንዴ?» ብላ እንዴት እንደተቆጣች ትዝ አለኝ። አንቺ ነሽ በጓሮ ዞረሽ ቁጥራችንን የነገርሽው።

«ብዙ ነን» አልኳቸው። ሳቁና ደግመው ቀዱልኝ።

ፖስትካርዷ ሞላች። ሰፈሩን ሁሉ ሰላም በይልኝ፤ በስም አልዘረዝርም። ለእናታችንም ይሄን ንገሪያት፤ እዚህ ድረስ መጥቼም ልጆቿን አልቆጠርኩባትም።

ወንድምሽ ዓለምሰገድ