ድንቡሼ የበላችው አፈር

ጥቅምት 12
ዛሬም ያው። አፈር ማድረቅ፣ መንፋት፣ መመዘን። የሚፈለገው በወንፊቱ ያለፈው ደቃቅ ብቻ ነው፤ የሕፃን መዳፍ ላይ የሚጣበቀው እሱ ነውና። ከዚያ አንድ ግራም በየጠርሙሱ፣ እንደ ጨጓራ የሚኮመጥጥ አሲድ ይጨመርበትና በሰውነት ሙቀት አንድ ሰዓት ይገለባበጣል። አፈሩ ውስጥ ያለው አርሰኒክ የሚሉት መርዝ ሁሉ ሰውነት ውስጥ አይገባም... ስንቱ እንደሚገባ ማወቅ ነው የእኛ ሥራ።
አለቃዬ ማገላበጫውን «ሆዳሙ» ነው የሚለው። «ሆዳሙን አበላሽው?» ይለኛል ጠዋት ጠዋት። ዛሬ ሳቅኩለት። ወገቤ ግን ተቆረጠ።

ጥቅምት 14
አሥራ ሁለት ከረጢት አፈር መጣ። ከድሮው የማዕድን ማቅለጫ ሰፈር። ከእኛ ሰፈር! እማን ይዣት ከወጣሁ ስንት ዘመኔ... ለአለቃዬ አልነገርኩትም። ምን ብዬ?
የዘጠነኛው ከረጢት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ከውሃ ቧንቧው ጀርባ፣ ግንቡ ሥር። ልጆች ይጫወቱበታል።»
አሁንም?
ከፈትኩት። ቢጫ ቢጫ የሚል፣ ሲጨብጡት የሚለሰልስ። ጓንት አድርጌም እጄ አወቀው።

ጥቅምት 15
ለማንም አውርቼው አላውቅም። እዚህ ልጻፈው።
ድንቡሼ ታናሽ እህቴ ነበረች። እሷ ሦስት ዓመቷ፣ እኔ ዘጠኝ። እማ ቧንቧው ጋ የሰው ልብስ ታጥባለች፣ እኔ ድንቡሼን እጠብቃለሁ። እቃቃ እንጫወታለን። እኔ እናት፣ እሷ ልጅ። ከግንቡ ሥር አፈር ዝቄ፣ በውሃ ለውሼ፣ በቆርቆሮ ክዳን ዳቦ እጋግርላታለሁ። «ብዪ፣ ካልበላሽ አታድጊም።» ትበላለች። ጥርሷ ቢጫ ሆኖ እየሳቀች... ስንት ቀን አበላኋት? ሳምንት ሳይሞላ አይቀርም።
አንድ ቀን ጠዋት ሆዴን አለች። እማ ወስፋት ነው ብላ ጎረቤት የሰጣትን ክኒን ግማሹን አስዋጠቻት። ከሰዓት ማስታወክ ጀመረች። በሦስተኛው ቀን የለችም።
«በእጄ ገደልኳት» ትላለች እማ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ። ራሷን ሊፈልጣት ቢደርስ እንኳ ክኒን በአፏ አይዞርም።
እኔም ዝም።

ጥቅምት 18
ዛሬ ዘጠነኛው ሆዳሙ ውስጥ ገባ። ሲዞር ውሃው ጎርጎር ይላል። ድንቡሼ ውሃ ስትጠጣ ጉሮሮዋ እንዲህ ነበር የሚለው... ራዲዮ ከፈትኩ። ከራዲዮው ሥር ይሰማኛል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ አየሁት። ሌላ ሥራ የለኝም እንዴ?

ጥቅምት 19
ከዘጠነኛው የተላቀቀው መርዝ ከመቶ ስምንት! ስምንት ብቻ! የቀረው ከአፈሩ አይላቀቅም ማለት ነው፤ ቢበሉትም ይወጣል። እኔ አይደለሁም። መንገድ ላይ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።
ቤት ስገባ እማ፣ «ምን አግኝተሽ ነው ፊትሽ የበራው?» አለችኝ። ልመልስላት አፌን ከፈትኩ።
እኔ ካልሆንኩ እሷ ናት።

ጥቅምት 21
ሰዓቱ ሲያልቅ የአሲዱን ጥንካሬ መልሶ መለካት አለ። ሁሌም እለካለሁ። የዘጠነኛውን አልለካሁትም! መዝገቡ ላይ ቦታው ባዶ ነው። ያስቀመጥኩትን ትርፍ አውጥቼ ለካሁት... ኮምጣጣነቱ ጠፍቷል። ግንቡ በኖራ የተለሰነ ነበር፤ እየረገፈ አፈሩ ውስጥ ገብቶ አሲዱን ገድሎታል። የሰው ጨጓራ ግን ኖራ ገባ ብሎ አያቆምም፤ አሲዱን እየጨመረ ይሄዳል። ስምንቱ ውሸት ነው።
ባዶው ቦታ ላይ የሆነ ቁጥር ባስገባ ማን ያውቃል? እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ብዙ ተቀመጥኩ። «ልጆች ይጫወቱበታል» የሚለው ወረቀት እዚያው ፊቴ ነው።
ለአለቃዬ ነገርኩት።
«አሥራ አምስት ዓመት ስትሠሪ ረስተሽ አታውቂም። ምን ነካሽ?»
«አፈሩን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነን ተጫውተንበታል።»
መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበ። «ሌላ ሰው ይሥራው?» አለ።
«እኔው ልሥራው።»

ጥቅምት 25
አሲዱን በየአሥር ደቂቃው እየለካሁ፣ እየጨመርኩ። ከመቶ ስልሳ ሦስት። ደገምኩት፤ ስልሳ አንድ። አፈር ያልገባበት ባዶው ጠርሙስ ንጹሕ ነው፤ ስለዚህ ዕቃው አላሳሳተኝም።
አለቃዬ ፈረመ። ቦታው ነገውኑ ይታጠራል፣ አፈሩም ይነሣል። «ይሄ ስለ አሁኖቹ ልጆች ነው። ስለ ድሮ አይመሰክርም፣ ሰማሽኝ?»
ሰማሁት። እንቅልፍ ግን እሱን አልሰማውም።

ጥቅምት 26
ዛሬም አልነገርኳትም።

ጥቅምት 30
እሁድ ጠዋት። ከእማ ጋር ልብስ እያጣጠፍን ነገርኳት። ዳቦውን፣ ክዳኑን፣ «ካልበላሽ አታድጊም» ያልኩትን፣ ስልሳ ሦስቱን። «ክኒኑ ላይሆን ይችላል፣ እማ። እኔ ነኝ ያበላኋት።»
ፎጣውን አጥፋ ጨረሰች። ሌላ አነሣች።
«አይቻችሁ ነበር» አለች።
«ምን ስናደርግ?»
«ስታጎርሻት። ከገንዳው ቀና ስል አየኋችሁ። አፏ ዙሪያ አፈር ብቻ። ልጮህባችሁ አልኩና... ዝም ብላችኋል፣ አታስቸግሩም፣ ልብሱ ደግሞ ክምር ነው። ተውኳችሁ።»
«ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ክኒኑ ትያለሽ?»
«አፈሩ ብል አንቺ ትሰሚ የለ?» አለች። «ዘጠኝ ዓመትሽ እኮ ነበር፣ ልጄ።»
ፎጣውን ከእጇ ወስጄ ፊቴን ሸፈንኩበት። እንደገና አጠፈችው።
ከሰዓት ራሷን አመማት። ጋደም ብላ ቆየችና፣ «እስቲ ያንን የራስ ምታት ክኒንሽን አምጪልኝ» አለች።
ሰጠኋት። ውሃውን ስትጠጣ ጉሮሮዋ ጎርጎር አለ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እስክትጨርስ ሰማሁት።