ፀሐይ ላይ የደረሰው ፍንዳታ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፤

ከሰላምታ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። እህትሽ ፀሐይ በሕይወት አለች። ይህን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች፣ «አፍታተሽ ጻፊላት» እያለች ትነዘንዘኛለች። አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። ለመሆኑ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የደም ግፊት መድኃኒትሽን እየዋጥሽ ነው? እህል አልቀምስም ማለትሽን ሰምቻለሁ። ደብዳቤውን የሚያነብልሽ ወንድሜ እባክህ እዚህ ላይ ቆም በልና ትንሽ ነገር አቅምሰህልኝ ቀጥል።

እኛ ደኅና ነን። ድንጋጤው ግን ገና አለቀቀኝም፤ ፊደሌ የዶሮ ጭረት ቢመስል አትፍረጂብኝ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ «ፀሐይ ስታይ ውላ ደመወዝ የምትበላ ልጅ» እያልሽ የምትቀልጂበት ነው። ጨለም ባለ ክፍል ተቀምጠን የሰማይዋን ፀሐይ በኮምፒዩተር እንከታተላለን። ያን ቀን ጠዋት ሻዬን እንደያዝኩ፣ ከፀሐይዋ ፊት መሀል ካለው ጥቁር ነጠብጣብ አጠገብ ብርሃን ቦግ አለና ምስሉ ሁሉ ነጭ ሆነ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ወዲያው የእሳት ቅስት ተነሣ፤ ምድራችንን የመሰሉ ስንት ምድሮች በሥሩ የሚያልፉበት ቅስት እያየሁት ተበጠሰና ወደ እኛ ተወነጨፈ። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው አለቃችን «ኧረ የፈጣሪ ያለህ!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ሻዩ ጭኔ ላይ ተደፍቶ ነበር፤ ማቃጠሉን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው።

የፍንዳታው ብርሃን ወዲያው ይደርስና የሩቅ ሬዲዮ ያፍናል። ከኋላው የሚመጣው የጋለ ደመና ግን መንገድ ላይ ይቆያል። ሲደርስ የምድርን መግነጢስ ይንጣል፤ ሳተላይት ያውካል፤ የመብራት መስመር ያናጋል። ቤት ግን አያፈርስም፤ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰውም አያቃጥልም። እኛም ለአብራሪዎቹ፣ ለመርከበኞቹና ለመብራት ሠራተኞቹ እያንዳንዱን ቃል እየመዘንን ማስጠንቀቂያ ላክን።

ለእናንተ ስጽፍ ነው ሳልመዝን የቀረሁት። በማግስቱ ደመናው ደርሶ የመግነጢስ መለኪያው እንደ እብድ ሲዘል፣ ድንገት ስልክ ቢጠፋ እንዳትሰጉ ብዬ በችኮላ «ፀሐይ ላይ ከባድ ፍንዳታ ደርሷል። እንዳትደነግጡ፤ ዝርዝሩን እጽፋለሁ» ብዬ ላክሁ። ዝርዝሩን ጽፌ ሳልጨርስ መብራቱም ኔትወርኩም ድርግም አለ።

እኛ ቤት ፀሐይ ማለት ማን እንደሆነች እንዴት ረሳሁት? ከሁሉ ቀድማ ስለምትነሣ ስሙን ያወጣሽላት አንቺ ነሽ፤ በመዝገብ ስሟ የሚጠራት ሐኪም ብቻ ነው። «ያ የጋዝ ሲሊንደር አንድ ቀን ይጨርሳችኋል» እያልሽ ስታስጠነቅቂን የኖርሽውም አንቺው ነሽ። በዚያ ላይ «እንዳትደነግጡ» ብያለሁ። መርዶ የሚጀመረው በዚሁ ቃል አይደል!

ቤት ከገባሁ በኋላ ኔትወርክ ሲመለስ መጀመሪያ የገባው የወንድሜ መልእክት «አስከሬኗን መቼ ታመጣላችሁ?» የሚል ነበር። እማዬ፣ ክው ነው ያልኩት። ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ማድ ቤት ሮጥኩ። አስከሬኗ ድስት እየፈተገች ትዘፍናለች። ሳነብላት መጀመሪያ ከት ብላ ሳቀች። ቀጥላ «እትዬ ምን ሆና ይሆን?» ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ለራሷ መርዶ አለቀሰች።

ወዲያው ደወልን። መስመሩ እየተቆራረጠ ድምፃችንን የቆርቆሮ ድምፅ አደረገው። ወንድሜ አምኖ በደስታ አነባ። አንቺ ግን «ይህ የሷ ድምፅ አይደለም፤ መርዶ ደብቃችሁ ልታታልሉኝ ነው» ብለሽ ስልኩን መለስሽለት። አልፈርድብሽም። አያታችን ያረፉ ጊዜም «ትንሽ አሟቸው ነው» ተብለን ከርመን የለ? ለዚህ ነው ደብዳቤውን በአንቴና እጅ የላክሁት። አንቴና የምንለው ሬዲዮናችንን የሚጠግነው ረጅሙ ባልደረባዬ ነው፤ ወደ እናንተ በአውቶቡስ ይመጣል። ዛሬ ምሳ ያበላችው ፀሐይ ናት። ጠይቂው፤ ጨው አብዝታበት እንደነበር ሲነግርሽ ያን ጊዜ ታምኛለሽ።

አባዬን ጉልበቱን ስሜያለሁ በይልኝ። ወንድሜ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ሳይደውል ቀድሞ ማልቀሱን ይተው። ሚስቱ እንዴት ነች? እርግዝናው እንዳልከበዳት ተስፋ አደርጋለሁ። ትንሿን የወንድሜን ልጅ ጉንጯን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ሊያጽናኑሽ የመጡትን ጎረቤቶች ይቅርታ ጠይቂልኝና ወንበራቸውን መልሱላቸው።

ልጅሽ
ከማድ ቤቱ ጠረጴዛ፣ ሐሙስ መጋቢት 14 ቀን

እትዬ፣ ይህ የእኔ ጽሑፍ ነው፤ ጠማማነቱን ታውቂዋለሽ። ሰማያዊውን ሹራቤን ታቅፈሽ እንደምታለቅሺ ልጅሽ ነገረኝ። መልሺልኝ ባልኩሽ ቁጥር «የምን ሹራብ?» ስትዪኝ ኖረሽ፣ በሞቴ ተገኘ! እንባሽን አጥበሽ በአንቴና ላኪልኝ። በርዶኛል።
ፀሐይሽ