የተዘጋው ፋብሪካ መዘጋቱን በማህተም እንዲያረጋግጥ ስለመጠየቁ

ለተከበራችሁ የድኅረ ምረቃ ምርምር ድጋፍ ኮሚቴ አባላት
አዳማ

አካም ጅርቱ? ጤናችሁ፣ ስብሰባችሁና የስብሰባችሁ ሻይ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የቀድሞው የጆንያ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመት ቢያልፍም የሚረከበኝ ሰው ስላልመጣ ኃላፊነቱ እስካሁን እኔው ላይ ነው።

የማስተርስ ተማሪዋ ሚልካ ቀነዓ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ የሠራተኛው ሠፈር ምን እንደሆነ ለማጥናት ከእናንተ ድጋፍ ጠይቃ ነበር። ስላደረጋችሁላት ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ፋብሪካው ጥናቱን ስለመፍቀዱ ደብዳቤ እንድታመጣ አዘዛችኋት። ተዘግቷል ብላ ብታስረዳችሁ፣ እንግዲያውስ መዘጋቱን ራሱ ፋብሪካው በክብ ማህተም ያረጋግጥ አላችኋት። ሟች ቀርቦ መሞቱን እንዳይመሰክር የሚከለክል ሕግ አላገኘሁምና ጥንቃቄያችሁን አደንቃለሁ።

፪. ከተዘጋ ፋብሪካ ይልቅ ሊከፈት የታሰበ ቢጠና ለአገር ገጽታ ይበጃል ማለታችሁንም ሰምተናል። ገና ያልተቀጠሩ ሠራተኞች ለቃለ መጠይቅ እንደሚመቹ አልጠራጠርም፤ አንድም ቅሬታ የላቸውም።

፫. ወይዘሮ ሻሼ በፋብሪካችን ፈትል ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ቆመው ሠርተዋል። እዚያ የማሽኑ ጩኸት ስለማያነጋግር ሴቶቹ ሐሜቱንም፣ ሳቁንም፣ አለቃ መጣ መባባሉንም በእጅ ምልክት ነበር የሚጨርሱት። ያንን የእጅ ንግግር አሟልተው የሚያውቁት ዛሬ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሚልካ በቪዲዮ ልትቀርጻቸው ቃል ስለገባችላቸው፣ በየማክሰኞው እጃቸውን ታጥበው በር ላይ ይቀመጣሉ። ዘንድሮ ግራ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል፤ በዚህም ግማሹ ንግግር ሄዷል። ጉዳዩን ለሚቀጥለው የበጀት ዓመት ማስተላለፋችሁን ቀኝ እጃቸውም አውቆ እንዲጠብቅ ብትጽፉለት ምንኛ በወደድን።

ወንበራችሁ እንዲደላ፣ ቃለ ጉባኤያችሁም እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ማንም ባልሻረው ሥልጣኔ፣

ዲበኩሉ ታጠቅ
ንብረት ክፍል

ግልባጭ፦ ለወይዘሮ ሻሼ ቀኝ እጅ

ማስታወሻ፦ ትናንት ለሚልካ ምስክር ልሆን ቢሯችሁ ስቀርብ የምትሰበሰቡበትን ጠረጴዛ ወዲያው ለየሁት፤ በሐራጅ የተሸጠው የሥራ አስኪያጃችን ጠረጴዛ ነው። ክቡ ማህተም በግራው መሳቢያ እንደተቆለፈበት አለ፤ ክርናችሁን እዚያው ላይ አስደግፋችሁ ነው ማህተም አምጪ ስትሏት የነበረው። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። በእናንተ ደንብ ቢሆን፣ ቁልፉን ለማስረከብ ከፋብሪካው ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ እጠይቃችሁ ነበር። ነገር ግን የወይዘሮ ሻሼ ቀኝ እጅ ጊዜ የለውም። ከፊታችን ማክሰኞ በፊት ይዤው እመጣለሁ፤ ክርናችሁን ብቻ አንሡልኝ።