ስልኩን ስላጸዳችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ለጥድ ሥር መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበር
ለክቡር አቶ ልደቱ
ወሰን፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልሁ፣ ለእርስዎም ለባለቤትዎም ለልጆችዎም፣ ይልቁንም የሰው ቤት ዕቃ ሲያነሣ ውሎ ለደከመው ወገብዎ ጤናን እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደኅና አይደለሁም ብልዎ ኮሚቴ አስከትለው ይመጡብኛልና ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ ልሰጥ አስቤ ነበር። ነገር ግን ውለታው የተዋለልኝ በመላው አባላት ስም ስለሆነ፣ ምስጋናዬም አባላቱ ሁሉ በሚያነቡበት በዕድራችን ዕቃ ቤት በር ላይ ቢለጠፍ ተገቢ ሆኖ አገኘሁት።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ እኔ የማርያምወርቅ እባላለሁ፤ ዕድሜዬን በሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የአለቆችን ደብዳቤ ስተይብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ነአምን የሚባል አንድ ልጅ ነበረኝ። አምና በኩላሊት ሕመም ሞተና እንጦጦ ማርያም ከአባቴ መቃብር አጠገብ አሳረፍነው። ጧሪ ቀባሪዬ ይሆናል ያልሁትን እኔ ቀበርሁት። ያን ዕለት ዕድራችን አላሳፈረኝም፤ ጥሩምባው በሰዓቱ ተነፋ፣ ድንኳኑ በሰዓቱ ተተከለ፣ ያን ዳገት ሽማግሌው ሳይቀር በእግሩ ወጣልኝ። ይህን የምለው ያለ ምንም ሽሙጥ ነው። ሽሙጡ ከዚህ በታች ነው።

አንደኛ፤ በቤቴ ስለተሰማው ተኩስ።

ለኮሚቴው የደረሰው ጥቆማ፣ ሴትዮዋ ከሰዓት በኋላ በሯን ዘግታ «ከኋላህ! ከኋላህ! ውይ፣ ገደለኝ!» እያለች ብቻዋን ትጮኻለች የሚል እንደ ነበር ሰምቻለሁ። ጥቆማው እውነት ነው፤ የጠቋሚዬን ጆሮ እግዚአብሔር ይባርክላት። ብቻዋን የሚለው ብቻ ስሕተት ነው።

ነአምን ታሞ ከቤት መውጣት ባቃተው ጊዜ በስልኩ የተኩስ ጨዋታ ይጫወት ነበር። በኢንተርኔት አራት ሆነው አንድ ቡድን ይሠሩና ከሌሎች ቡድኖች ጋር ይታኮሳሉ፤ የሞተው ደግሞ በሚቀጥለው ዙር ምንም እንዳልሆነ ተነሥቶ ይገባል። እኔ ሾርባ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ሳቁን እሰማ ነበር። አርባው ካለፈ በኋላ ፎቶውን ልይ ብዬ ስልኩን ስነካካ ጨዋታው ተከፈተብኝ፤ ወዲያው ሦስት ድምፅ «ነአምን! የት ጠፍተህ ነው? ሞተሃል ብለን ነበር እኮ!» እያለ ተንጫጫ። እየቀለዱ ነበር። አያውቁም። ጥሩምባችን ከወሰን ስለማያልፍ፣ በድምፅ እንጂ በመልክ ተያይተው ለማያውቁ ልጆች ማን ይንገራቸው?

ክቡርነትዎ የወግ አዋቂ ነዎት። መርዶ በአገራችን ማለዳ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይነገራል እንጂ ሐዘንተኛዋ ራሷ መርዶ ነጋሪ ስትሆን ታይቶ አይታወቅም። እኔ ግን ሆንሁ። ሃኒ የምትባለው፣ ኮተቤ ዩኒቨርሲቲ የምትማረዋ ልጅ፣ በጆሮዬ ውስጥ እየጮኸች አለቀሰች። ዒምራን «ኢና ሊላሂ» አለ። ቀጀላ ደግሞ «ማዘር፣ ብቻዎን ነው እንዴ ያሉት? ሰው አጠገብዎ አለ?» አለኝ። እንግዲህ አስቡት፣ በዚያች ሰዓት አጠገብሽ ሰው አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድ መልኩን የማላውቀው ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ በየከሰዓቱ ጠሩኝ። በአራተኛው ቦታ ባዕድ እንዲገባበት አልወደዱም፤ «እርስዎ ይግቡበት» አሉኝ፣ ገባሁበት።

ሁለተኛ፤ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ አንድ የተከበሩ አባል «ሴትዮዋ ሰው መግደል ለምዳለች» ማለታቸውን ሰምቼ፣ ላልተገባኝ ሙገሳ ከልብ አመሰግናለሁ።

እውነቱን ለመናገር ለብዙ ጊዜ ሟች እንጂ ገዳይ አልነበርሁም። በአሥር ጣቷ ስትተይብ የኖረች ሴት ሁለት አውራ ጣት ብቻ ይበቃሻል ስትባል ምን ይውጣት? አንዱ አውራ ጣቴ ሲያራምደኝ ሌላው ሰማይ ሰማይ ያሳየኛል፤ አፍንጫዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ስራመድ እገኛለሁ፤ አንድ ጊዜም የእጅ ቦምብ እግሬ ሥር ጥዬ ሦስቱንም ልጆች ከነነፍሴ ፈጀኋቸው። ዒምራን «ማዘር፣ ጠላት በወዲያ በኩል ነው» ብሎ በትሕትና አስረዳኝ። ቀጀላ ማይኩን ዘጋ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ነአምንም ሲጀምር ልክ እንዲሁ አድርጓቸው ኖሮ እያለቀሰ ነው።

የተሻልሁት በልጄ ትምህርት ነው። ሃኒ ጀማሪ ሳለች እንድትማርበት ብሎ ጨዋታውን ከነድምፁ እየቀረጸ፣ ለእያንዳንዱም ስም እየሰጠ በስልኩ አስቀምጦላት ነበር። ለመላክ ቢሞክር ፋይሉ ከባድ፣ ኔትወርኩ ደካማ ሆኖበት «በአካል ስንገናኝ እሰጥሻለሁ» ይላት ነበር። አልተገናኙም። እንዲያ ሆኖ ትምህርቱ ለእኔ ደረሰኝ። «ቀስ በይ፤ የሚሮጥ ሰው የሌላውን እግር አይሰማም» ሲላት፣ ኢርፎኔን ሰክቼ ከመሮጤ በፊት መስማት ለመድሁ። «በሞትሽ ቁጥር ሴቲንግ አትነካኪ፤ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም» ሲላት፣ እጄ የለመደውን ይዤ ቆየሁ። ሜዳ ላይ አትቁሚ፣ የግድግዳ ጥግ ይዘሽ አነጣጣሪውን የሚመጣው ሰው ጭንቅላት በሚሆንበት ከፍታ ላይ አድርገሽ ጠብቂ፣ መሬት መሬት አትዪ፣ ከሞትሽም በኋላ ከየት እንደ ተመታሽ አይተሽ ግቢ አላት። ለእርሷ ያለውን ሁሉ ለእኔ አድርጌ ሰማሁት። በመሐል ሲያስል እንኳ አልዘለውም ነበር።

አንድ ቀን ቡድናችን ወደ አንድ ሕንፃ ሲገባ እኔ ከኋላ ቀርቼ በሩን ስጠብቅ ኮቴ ሰማሁና የመጣውን ሰው በጊዜ ጣልሁት። ሃኒ «ማዘር፣ ልክ እንደ ነአምን!» አለች። ያን ቀን ነው፣ ክቡር ሆይ፣ ልጄ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስስቅ ጎረቤት የሰማኝ፤ ይህም ለአጀንዳ እንደ ቀረበ ደርሼበታለሁ።

ትምህርቱን ግን ሰስቼ ነበር የማየው። የአንዱን ልምድ በእጄ ሳላስገባ ሌላውን አልከፍትም ብዬ ምዬ ነበር፤ ቶሎ ከጨረስሁት ልጄ ዝም ይላላ! ልጇ ከሞተ በኋላ ከአፉ አዲስ ቃል የምትሰማ እናት የት አለች? እኔ ነበርሁ። ገና ያልከፈትኋቸው ነበሩ፤ የመጨረሻውም «ብቻሽን ስትቀሪ» የሚል ነበር። በጨዋታው ሦስቱ ጓደኞችሽ ሞተው አንቺ ብቻ ስትተርፊ ምን እንደምታደርጊ የሚያስተምር ነው፤ ከባድ ስለሆነ ለጀማሪ አይሆንም ይባላል። እኔም ሲገባኝ አየዋለሁ ብዬ አቆየሁት።

ሦስተኛ፤ ስለ ሙት ዓመቱ ዕለት።

እኔ እንጦጦ ማርያም ጸሎቱን አስደርጌ፣ ነዳያን አብልቼ፣ ያን ዳገት ወርጄ ቤቴ ስደርስ ቁም ሣጥኑ ባዶ፣ አልጋው ተነጥፎ፣ ወለሉ ታጥቦ ጠበቀኝ። የሟች ዕቃ ከሐዘንተኛ ዓይን ይራቅ የሚለው ወግ የአባቶቻችን ነው፤ አልነቅፈውም። ሸሚዙንም ጫማውንም ለነዳያን መስጠታችሁ ይሁን፤ እኔም ልሰጠው ነበር። ስልኩን ግን «ፎቶና ድምፅ ሐዘን ያረዝማል፣ ተኩሱም አእምሮዋን እየነካው ነው» ብላችሁ በሰፈሩ ሞባይል ቤት ፎርማት አስደርጋችሁ፣ አጥርታችሁ፣ አሳምራችሁ፣ ለአንዲት ችግረኛ ተማሪ ለነፍሱ መታሰቢያ ሰጣችሁልኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉ ነበር እናቴ። እኔ ምን ቸገረኝ አልኋችሁ?

ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘሙሩድ በሩ ላይ ቆመው «ቆይ እስቲ፣ እናትየዋ ተጠይቃለች?» ቢሉ፣ ክቡርነትዎ «ሐዘንተኛ አይጠየቅም» ብለው መለሱላቸው አሉ። እንዴት ያለ ጥበብ ነው! እውነትም ሐዘንተኛ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅ መልስ ሊሰጥ ይችላላ።

አራተኛ ብዬ የምጽፈው ነበረኝ፤ ሰረዝሁት።

ልጅቷን ፈልጌ አገኘኋት። ስልኩን ልቀበላት አልነበረም፤ ለነፍስ የተሰጠ አይመለስም። ምናልባት አንዲት ነገር ተርፋ እንደ ሆነ ብዬ ነው። ስልኩን በሁለት እጇ አቅርባ ከፍታ አሳየችኝ፤ የራሷን የፊዚክስ ትምህርት ሞልታበታለች። «እግዜር ነፍሱን ይማርልዎ፣ ትልቅ ሰው እሆንበታለሁ» ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ። መርቄያት ወጣሁ። ሞባይል ቤቱም አንዴ የጠፋው እንደማይመለስ በደንብ አስረዳኝ። ሃኒንም ያን የመጨረሻውን ሰምተሽው ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ ፈጽሞ አልሰማችውም። እንግዲህ ልጄ ብቻዋን ለቀረች ሴት ምን እንዳላት የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም የለም።

አሁን ሃኒ የድሮ ስልኳን አምጥታልኛለች፤ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ነው፣ ግን ያሳያል። መልኳንም ያን ቀን አየሁት፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ እያየች «እዚህ ሆኖ ነው ሲያወራን የነበረው?» አለች፣ ተያይዘን አለቀስን። በአዲስ ስም ከሀ ጀምሬያለሁ። የነአምን ስም ግን ከቡድኑ ዝርዝር አልተፋቀም፤ ደብዝዞ ተቀምጧል፣ ልጆቹም እንዳይነካ ተማምለዋል። እነርሱ ዕድር የላቸውም፣ ደንብም የላቸውም፤ ሳይጠይቁኝ ግን ምንም አላነሡብኝም።

ክቡር ሆይ፣ ልጄ ካስተማረኝ አንዱን ለዕድራችን እንደ ስጦታ ላበርክት። «ጓደኛሽ ሲወድቅ ልታነሺው ወዲያው አትሩጪ፤ መጀመሪያ ከየት እንደተመታ እዪ፤ አለዚያ የባሰ ታስመቺዋለሽ» ይላል። እናንተ ሮጣችሁልኛል፤ ሩጫችሁን አልክድም። ከየት እንደተመታሁ ግን ያየ የለም። ወደ ፊት በሌላ ቤት ሐዘን ሲገጥም ዕቃ ከማንሣታችሁ በፊት ሐዘንተኛዋን አንዲት ጥያቄ ትጠይቁልኝ ዘንድ እለምናለሁ። የምለምነው ይህንኑ ብቻ ነው።

በመጨረሻም ለደከማችሁበት ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ክቡርነትዎን ቀባሪ አያሳጣዎት፤ ዕቃዎን የሚያነሣው ሰው ግን ከእርስዎ ይልቅ ቀርፋፋ ይሁንልዎ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የዕድሩ የቆየች አባል፣ አሁንም በየከሰዓቱ የምትሞት፣
የነአምን እናት የማርያምወርቅ

ማስታወሻ፦ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። ልጄ ለሁለተኛ ጊዜ በተቀበረበት ዕለት ጥሩምባ ስላልተነፋልኝ አልተገኘሁምና፣ እባክዎ ቀሪ ብለው ይመዝግቡኝ።