እንደ አዲስ የጸዳው ፊልም

ለማይረሳኝ የሥራ ወንድሜ፣

ይህን ወረቀት የምታነብልህ ባለቤትህ ናትና ሰላምታዬን ከአንተ አስቀድሜ ለእሷ ልስጥ። ጽሕፈቴ እንዲህ አብጦ፣ በአንድ ገጽ ላይ አሥር መስመር እንኳ አልሞላ ብሎ ስታየው እንዳትስቅብኝ። የዛሬ እስክሪብቶ ቀለሙ ውኃ ነው፤ ቢጽፉበት አይታይም። ስለዚህ በወፍራም ማርከር ነው የምጽፈው።

አንተስ እንዴት ነህ? ጉልበትህ ደረጃ መውጣት ቻለ? ልጅህ የከፈተው ጋራዥ ሰው ለመደው? ስለ ዐይንህ አልጠይቅህም፤ በየደብዳቤህ «እንዳለ ነው» ማለት እንደሰለቸህ አውቃለሁ። እኔ ጤና ነኝ። ጤና ነኝ ልበል እንጂ ንዴት ሊገድለኝ ነው።

ያንን የጠፈር ፊልም ታስታውሳለህ? የምትሞተውን ፀሐይ ሊያድኑ በመርከብ ስለሄዱት አምስት ሰዎች የሚያወራውን? አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ሰልፉ የሲኒማ ቤቱን ጥግ ዞሮ ሲውል፣ አንተና እኔ በዚያች ምድጃ በምታህል የፊልም ማሳያ ማሽን ክፍል ውስጥ በካኔቴራ እየተጋገርን ነበር። መጨረሻው ላይ ብቻዋን የምትቀረው ሐኪም እንፋሎት ባለበሰው መስኮት ላይ በጣቷ አንድ ነገር ትጽፋለች። የእኛ ቅጂ እዚያ ቦታ ላይ ተጫጭሮ ስለነበር ነጭ ዝናብ ከመዝነብ በቀር የሚታይ አልነበረም። ተመልካቹ «ደህና ሁኑ ነው ያለችው»፣ «የለም፣ የልጇን ስም ነው የጻፈችው» እየተባባለ ደረጃውን ይወርድ ነበር። አንተ ደግሞ «መስታወቱን ወለወለች እንጂ ምንም አልጻፈችም» ትል ነበር።

እንግዲህ ያ ፊልም ጸድቶ ወጣ። ትንሿ ልጄ፣ አስተማሪዋ፣ ዲስኩን ይዛልኝ መጣች። ከዋናው ነጋቲቭ ተነሥቶ፣ ጭረቱ ተጠርጎ፣ ቀለሙ ተመልሶ፣ ድምፁ ታድሶ ነው ብላ የሽፋኑን ጽሑፍ አነበበችልኝ። በካሴት አለኝ፣ በድሮው ዲስክም አለኝ፤ አንድን በሬ ሦስት ጊዜ መግዛት ማለት ይኸው ነው። ቢሆንም ደስ አለኝ። ያቺ ሴት የጻፈችውን ሳላነብ አልሞትም አልኩ።

አሮጌው ማጫወቻዬ ግን ዲስኩን ጎርሶ መልሶ ተፋው። አዲስ ማጫወቻ መጣ። የአዲሱ ገመድ ደግሞ ከቴሌቪዥኔ ቀዳዳ ጋር አልተዋወቀም። ሌላ ገመድ መጣ። እሱ ሲሰካ ድምፅ ያለ ምስል፣ ሲገለበጥ ምስል ያለ ድምፅ። አንድ ሰው ሁለት የፊልም ጥቅል፣ ሁለት ሪል እየቀያየረ፣ እሳት የሚተፋ መብራት እየጠበቀ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ሲያዝናና ኖሮ በአንድ ገመድ ይዋረዳል? ልጄ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ስትታገል ቆይታ በመጨረሻ ሠራላት። መጋረጃውን ዘጋን፣ ተቀመጥን።

ወንድሜ፣ ሥራውን አበላሽተውታል! ካፒቴኑ ሲገባ ኮፍያውን አያለሁ፣ ጆሮውን አያለሁ፣ ፊቱ የለም። መሐሉ ላይ ሰው የተነፈሰበት ይመስላል። ጭረቱን እንጠርጋለን ብለው ፊቱን አብረው ጠርገውታል። «ፎከሱን አስተካክይው» ብላት ልጄ ይህ ነገር ፎከስ የለውም አለችኝ። ፎከስ የሌለው ፊልም!

በማግስቱ ልጄን ይዤ ዲስኩን ወደሸጠው ሱቅ ሄድኩ። ባለ ሱቁ በትልቁ ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተልኝ። «አባቴ፣ የቆዳቸው ቀዳዳ ሳይቀር እኮ ይታያል» አለኝ። ያው ነው፣ ፊት የለውም አልኩት። ሳያጉረመርም ሌላ ዲስክ ቀየረልኝ። ቤት ወስጄ ከፈትኩት፤ ያው ነው። እንደገና ወደ ሱቁ ስመለስ ሰዎች ቆመው ነበር። አንዲት ሴት ከኋላዬ «እንዴት ያምራል፣ ትናንት የተነሣ ነው የሚመስለው» አለች። ደሜ ፈላ። ሠላሳ አንድ ዓመት ምስል ሳጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ንስር ነው የሚሉኝ፣ ስለ ጥራት ለእኔ ነው የምታወሩት ብዬ ጮህኩ። ባለ ሱቁ ዲስኩን ወደ ሽፋኑ መልሶ ከተተው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄን ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ «ይቅርታ እህቴ» አላት። እሷን ለምን ይቅርታ እንደጠየቃት አልገባኝም።

ቤት ስንገባ የፊልሙን መጨረሻ ከፈተችው። «አባዬ፣ የጻፈችው ይነበባል እኮ» አለችኝ። ምን ይላል አልኳት። «መጣሁ ይላል» አለች። ተነሥቼ አፍንጫዬ የቴሌቪዥኑን መስታወት እስኪነካ ተጠጋሁ። የመስኮቱን ጠርዝ አየሁ፣ የሴትዮዋን ክርን አየሁ። አትዋሺኝ አልኳት። ማልቀስ ጀመረች። እኔም ብሶብኝ «ፊልሙ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ማን እንደተናገረው አወቅሁት። ቃሉ የእኔ አይደለም፤ የአንተ ነው። የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ቆመህ፣ ቆብህን በሁለት እጅህ ይዘህ፣ እንደዚሁ ብለህ ነበር። እኔ ከጎንህ ነበርኩ።

ረቡዕ ዕለት ልጄን ደስ እንዲላት ብዬ ወደ ዐይን ሐኪም አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ መስመር በመስመር የሆነ ወረቀት አሳይቶኝ መሐል ያለችውን ነጥብ እያት አለኝ። የቷን ነጥብ አልኩት። ወረቀቱን አስቀመጠና ሥራህ ምን ነበር አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ሁሉ ለእኔ ሳይሆን ለልጄ ተናገረ። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ ሲላት ግን ሰማሁት።

እሱን ስሰማ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የቆረጥኩት። ሳልሸፋፍን ልንገርህ። ያን ጊዜ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ምስሉ ደብዝዞ ሕዝቡ ሲያፏጭ፣ ሥራ አስኪያጁ ለብቻዬ ጠርቶ ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ቸልተኛ ሆኗል፣ ልቡ ሥራው ላይ የለም አልኩት። ውሸቴን ነበር። የሪሎቹን ቁጥር እየቀለድክ «አንብብልኝ እስቲ» ማለት ከጀመርክ ከወር በላይ ሆኖህ ነበር። ምሳ ዕቃህን ጠረጴዛው ላይ በእጅህ እየዳሰስክ ስትፈልግ አይቻለሁ። ዐይኑ ነው ብል ሐኪም ቤት ይልኩህ ነበር። እኔ ግን የክፍሉ ኃላፊነት ከሁለታችን ለአንዳችን ሊሰጥ መሆኑን አውቅ ነበርና ዐይኑ ነው አላልኩም። አንተን በር ላይ ትኬት ቀዳጅ አደረጉህ፤ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። የማሽኑን ሌንስ በመሐረብህ ወልውለህ፣ «አደራ፣ ከግራ በኩል ትንሽ ትላላለች» ብለህ አስረከብከኝ። አልተቆጣህም። በየዓመቱ ደብዳቤ የላክልኝም አንተ ነህ፤ እኔ መልስ ሰጪ ብቻ ነበርኩ።

ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። ታውቃለህ ብዬ ስጠረጥር ነው የኖርኩት። ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ አፌ አይደፍርም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን ስታይ እንደነበር፣ ምን ሳታይ እንደቀረህ ማን ይመልስልሃል? ብትረግመኝ እውነት አለህ።

ከዚህ በታች ያለው ጽሕፈት የልጄ ነው። ማርከሩ አልቆብኝ ነው። እንዳልኳት አድርጋ እየጻፈች ነው፤ ከላይ ያለውንም አንብባዋለች። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታለች።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ወንጀሌን ሰምተህ በርህን ካልዘጋህብኝ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚደርሰው አውቶቡስ ከልጄ ጋር እመጣለሁ። አልፈልግህም ካልክም ባለቤትህ በአንዲት መስመር ታሳውቀኝ፤ አልቀየምም። የምትቀበለኝ ከሆነ ግን እኔ እስክለይህ አትጠብቅ። ከአውቶቡሱ ስወርድ አንተ ቀድመህ ጥራኝ። ድምፅህን የትም ብሰማው አልስተውም።

ቤትህን ሰላም አይለየው። ልጅህ ከእጁ የወጣው ሁሉ ይባረክለት። ይህን ላነበበችልህ ጉሮሮዋ አይድረቅ፣ ዐይኗ አይድከም። ለአንተም እኔ የነፈግሁህን ደግነት ከእኔ የተሻለ ሰው ይክፈልህ።

የማሽን ክፍሉ ባልንጀራህ
(በልጁ እጅ)